የውሃው ጢስና የመንገደኛው ደስታ

ሰው አገር ለማየት የሚወጣው ለምንድን ነው? ነጋዴ ለትርፍ፣ ወታደር ለግዳጅ፣ ተሳላሚ ለበረከት፣ ሕመምተኛ ለጠበል ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የመንገዱን ድካም የሚታገሡት ከመንገዱ ማዶ ለሚጠብቃቸው ጉዳይ ሲሉ ነው። ተራራ ወይም ፏፏቴ አይቶ ለመመለስ ብቻ ስንቁን የሚቋጥር ሰው ግን ለጠያቂ የሚሰጠው መልስ ያጥረዋል። «አየሁት፤ ደስ አለኝ» ከማለት በቀር በእጁ ይዞ የሚመለሰው ነገር የለም። እንግዲህ ይህ ባዶ እጁን የሚመለስ ደስታ ምንድን ነው? የሰው ልጅ ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ነው ወይስ የጠገበ ሰው ቅንጦት? ከሌላ ሰው ጥቅም ጋር በተጋጨ ጊዜስ በሚዛን ላይ ስንት ያነሣል? ጥያቄው በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። በጢስ ዓባይ የወንዙን ውሃ ራሱን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ከምትባለው ትንሽ ከተማ የሚደርስ መንገደኛ፣ ወቅቱ የውሃ ሙላት ከሆነ፣ ፏፏቴውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል። ድምፁ በመጀመሪያ የሩቅ ነጎድጓድ ይመስላል፤ ነጎድጓድ ግን ያባራል፣ ይህ አያባራም። መንገደኛው ቁልቁለቱን ወርዶ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፤ ከሥሩም ያ ታላቅ ወንዝ በጠባብ የዐለት ጉሮሮ ተጨምቆ ሲያልፍ ያያል። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ሲቆም ዓባይ 45 ሜትር ያህል ቁመት ካለው ገደል ላይ ሲወረወር ያገኘዋል። በክረምቱ መውጫ የውሃው መጋረጃ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ርጭቱ እንደ ጉም ተነሥቶ ልብሱን ያረጥበዋል፤ ፀሐይ ወጥታ እንደሆነም በጉሙ ውስጥ ቀስተ ደመና ይዘረጋል።

በዚህ ጊዜ በመንገደኛው ላይ የሚታየው ለውጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዳገቱን ሲወጣ ያላቋረጠው ጨዋታ ይቆማል። ጫማው የላጠው ተረከዙ፣ በከተማ ትቶት የመጣው የቤት ኪራይና የቢሮ ነገር ለጥቂት ደቂቃዎች ከአእምሮው ይወጣሉ። ራሱን ትንሽ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይሁን እንጂ ማነሱ በአለቃ ወይም በባለጸጋ ፊት እንደሚያንሰው ያለ አይደለም። በአለቃ ፊት ማነስ ያሳፍራል፤ በፏፏቴ ፊት ማነስ ግን ያሳርፋል። ከዓመታት በኋላ የጉዞውን ወጪና የሆቴሉን ስም የረሳ ሰው ያችን ጸጥ ያለባትን ሰዓት የሚያስታውሳት ስለዚህ ነው። ይህን ዕረፍት ቅንጦት ብሎ መናቅ፣ ሙዚቃንም ሥዕልንም ቅንጦት ብሎ እንደ መናቅ ይቆጠራል።

የጀርመኑ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ውበትና ስለሚያስፈራ ግርማ ሲመረምር፣ ለግርማው ምሳሌ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ የታላቅ ወንዝ ከፍተኛ ፏፏቴ ነው። (የሚያስገርመው ካንት ራሱ ከትውልድ ከተማው ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ያልሄደ ሰው መሆኑ ነው፤ ፏፏቴዎቹን ያያቸው በሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ነበር።) በእሱ አስተያየት ሰው በውበት የሚደሰተው ከነገሩ ጥቅም ሳይሻ ነው፤ በአስፈሪው ግርማ የሚደሰተው ደግሞ የቆመበት ስፍራ ከአደጋ የራቀ ሲሆን ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች መንገደኛውን ቁልጭ አድርገው ይሥሉታል። ከውሃው የሚፈልገው ጥቅም የለም፤ ሲመሽም ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ከወንዙ ዳር የሚያርሰው ገበሬስ? እሱ ከውሃው ብዙ ይፈልጋል፤ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ልብሱን ያጥብበታል። ከአደጋ የራቀ መቆሚያም ሁልጊዜ የለውም፤ ሙላቱ ጥጃ ይወስድበታል፣ መሻገሪያ ይዘጋበታል። ታዲያ በካንት ሚዛን ከሄድን የወንዙ ልጅ የወንዙን ግርማ የማየት ዕድል ተነፍጎታል ማለት ነው?

እንዲህ ብለው የሚያምኑ ጥቂቶች አይደሉም። «ባላገር አገሩን አያይም፤ ለምዶታልና» ሲሉ ይሰማሉ። አባባሉ የችኮላ ነው። ማፍረሻውም ከቦታው ስም ይገኛል። ፏፏቴውን «ጢስ ዓባይ»፣ «ጢስ እሳት» ብሎ የሰየመው የመልክዓ ምድር ሊቅ ወይም ጎብኚ አይደለም። ከማሳው ቀና ብሎ፣ ከገደሉ በላይ የሚነሣውን ነጭ ጉም አይቶ፣ በማለዳ ከጎጆ ክዳን ላይ ከሚወጣው ጢስ ጋር ያመሳሰለ ሰው ነው። ውሃን በእሳት ስም መጥራት ከብት አያጠጣም፤ እህልም አያበቅልም። ካንት ከጥቅም የጸዳ ደስታ ያለው ነገር በአርሶ አደሩ አፍ ውስጥ ከእርፉና ከሞፈሩ ስም አጠገብ ተቀምጦ ኖሯል። የአገራችን ሰው ከቀየው የመጣውን ሰው «የወንዜ ልጅ» ብሎ የሚጠራው ወንዝ መጠጫው ብቻ ሆኖበት ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ባልተፈጠረ ነበር። ገበሬው ስለ ውበቱ ብዙ የማይናገር ከሆነ፣ ማየትን ከመኖር ለይቶ የሚያስቀምጥበት የዕረፍት ቀን ስላልነበረው ይሆናል።

መንገደኛው በበኩሉ አንድ ቀን ያየውን ዕድሜ ልኩን ይናገረዋል። በዚህ ረገድ በጢስ ዓባይ ላይ የደረሰ አንድ ታሪክ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ካለው ዐለት ሥር ገብቶ መቀመጡን ጽፎ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከፏፏቴው ሲደርስ ወንዙን ዝናብ አብዝቶት፣ ውሃው እንደ አንድ ወጥ መጋረጃ ሲወርድ አገኘው። ስለዚህም ሎቦ ያለው ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነው ብሎ በሐሰተኛነት ከሰሰው። ሁለቱም የተማሩና ብዙ አገር ያዩ ሰዎች ነበሩ። ክርክራቸውን ግን በአካባቢው ከብት የሚጠብቅ ማንኛውም ልጅ በአንድ ጥያቄ ሊፈታላቸው ይችል ነበር፦ «ጌቶቼ፣ የመጣችሁበት ወር ማን ነው?» ዓባይ በጥቅምትና በግንቦት አንድ ወንዝ አይደለም። አገር አሳሽ የሚባለው ሰው ፏፏቴውን በአንዲት ቀኑ ልክ ይሰፋዋል፤ ነዋሪው ግን በዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ያውቀዋል። ማን በይበልጥ አየው?

ይህ ሁሉ በጨዋታ ደረጃ ሊቀር ይችል ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ግን ከፏፏቴው አጠገብ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መዘውሮች ከዚህ ኀይል አገኙ። ይህ የመጀመሪያው ጣቢያ ከወንዙ የወሰደው ጥቂት ስለነበረ መጋረጃው ብዙም አልሳሳም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ከ70 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከፈተ። ወንዙ የገደሉ አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊት በቦይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኖቹ ይወርድ ጀመር። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ በሌላ አቅጣጫ፣ በምድር ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ፣ ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። በነዚህ ዓመታት በበጋ ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ፣ በሥዕል ያየውን መጋረጃ ሲፈልግ፣ በጥቁሩ ዐለት ላይ ቀጭን ጅረት የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጎብኚው አዝኖ ይመለሳል፤ «ፏፏቴውን ገደሉት» ይላል። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፣ ሊነቀፍበት አይገባም። ነገር ግን ማታ በማረፊያ ክፍሉ አምፑል አብርቶ የኀዘኑን ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረበት። ውበት ፈላጊው ሰው ራሱን ከተጠቃሚዎች መዝገብ ፍቆ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም። በሌላው ወገን የቆመው ሰውም አነጋገር ጉድለት አለበት። «ለድሃ አገር ፏፏቴ ምን ያደርጋል? ሕዝብ ውበት አይበላም» የሚለው መከራከሪያ ወንዝ የማያሻግር ነው። አንደኛ ነገር፣ ጎብኚውን የሚመሩት፣ በጀልባ የሚያሻግሩት፣ ለስላሳና የእጅ ሥራ የሚሸጡለት የጢስ ዓባይ ልጆች ከውበቱ እንጀራ ሲበሉ ኖረዋል። ሁለተኛና ዋናው ነገር፣ ድሃ ውበት አያስፈልገውም ማለት ድሃን ከሆዱ በላይ አካል እንደሌለው ፍጡር መቁጠር ነው። ለውሃው ጢስ ስም ያወጣው ድሃው ገበሬ አይደለምን?

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ነገር በሰሜን ተራሮች ተፈጽሟል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያ በዚያ ገደል እንጂ በሌላ በየትም ዓለም በዱር አይገኝም። የእርሻው መስፋፋትና የግጦሹ ብዛት አስጊ ከሆኑበት ምክንያቶች መካከል ስለነበሩ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በጢስ ዓባይ ለሰው ብርሃን ሲባል ውበቱ ተነሣ፤ በግጭ ለውበቱ ሲባል ሰው ተነሣ። ዛሬ በግጭ ሜዳ ላይ ቆሞ ጅብራውንና የጭላዳውን መንጋ የሚያይ መንገደኛ ጸጥታውን ያደንቃል። ጸጥታው ግን ሁሉም ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ የቆመ የወፍጮ ድምፅ፣ ከፊሉ የሌለ የሕፃን ልቅሶ ነው። ዋልያው መትረፍ የለበትም የሚል ሰው አይኖርም። ይሁን እንጂ በደባርቅ ዳርቻ አዲስ ኑሮ የጀመረው የደጋ ገብስ አራሽ የከፈለው ዋጋ በመንገደኛው ደስታ ሒሳብ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ከሁለቱም ስፍራዎች የሚታየው፣ ውበትና እንጀራ በተፈጥሯቸው ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ጠላት የሚሆኑት ስለ ውሃው የሚወስነው ሰው ውሃውን ለመብራት ብቻ፣ ስለ ተራራው የሚወስነው ሰው ተራራውን ለዐይን ብቻ የፈለገው እንደሆነ ነው። ነዋሪው ግን ሁለቱንም በአንድነት ይዞ ኖሯል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ክርክር ለምስክርነት መጀመሪያ መጠራት ያለበት እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጠራው ለፊርማ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን የቆየ ተረት ሰው ሁሉ ስለ ጥማት የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል፤ በደጁ ያለውን የማየት ጥማትም ከዚያው የሚቆጠር ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት በጀርባው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሥዕል ይዞ ነበር። ፏፏቴውን አንድ ቀን እንኳ በዐይኑ ያላየ ስንቱ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉን አጣጥፎ በኪሱ ይዞት ዞሯል፤ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራው ገበያ የወረደች እናትም ብዙ ናት። ያ ፏፏቴ የእሷም ነበር፤ ግን በቅርብ ሆኖ ሊያሳያት ያሰበ ማን ነበር?

በሐምሌና በነሐሴ ሐይቁ ሞልቶ ሲፈስ፣ ቦዮቹ የሚጠጡትን ጠጥተው የተረፋቸውን ውሃ ገደሉ መልሶ ያገኘዋል። ያኔ መጋረጃው እንደ ጥንቱ ይዘረጋል፣ ጢሱም ይነሣል። ወሩ ግን የጎብኚ ወር አይደለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። በገደሉ ትይዩ ባለው መስክ ላይ የሚገኙት ገሳቸውን ደርበው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ነጎድጓዱ ስለማያስደማምጣቸው በምልክት እየተነጋገሩ፣ አልፎ አልፎም ወደ ውሃው ቀና እያሉ ይውላሉ።