የፈረንጅ ዋጋ

ባለፈው ሰሞን አንድ የውጭ አገር መምህራችንን ይዘን ሾላ ገበያ ሄድን። የሄድነው ልናስተረጉምላቸው እንጂ ልንፈርድ አልነበረም። አትክልት ሻጯ እናት ለእኛ 60 ብር የምትሰጠንን አንድ ኪሎ ቲማቲም «ለእሱ 120 በሉት ልጆቼ» አለችንና ጠቀሰችን። እኛም አልን። መምህሩ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ በአማርኛም «አመሰግናለሁ» አሉ። በመንገድ ላይ የተጀመረው ጭቅጭቅ ዶርም ድረስ ተከተለን። ለመሆኑ የሠራነው ሥራ ሌብነት ነውን?

አይደለም የሚለው ወገን የዋዛ አይደለም። (መሪው የባለ ሱቅ ልጅ ስለሆነ ምስክርነቱን በግማሽ ያዙት።) መምህሩ ደመወዛቸው በአገራቸው ባንክ በዶላር ይገባላቸዋል፤ እዚህ በቪዛ ካርድ ከባንክ ማሽን ብር ያወጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ 120ን አልፎ ሄደ። ያው አንድ ሺህ ዶላር፣ ፊት 57 ሺህ ብር የነበረው፣ ከ120 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ መምህሩ ጣታቸውን አላነሡም። ሻጯም ዘይቷንና ሳሙናዋን ባዲሱ ዋጋ ስትገዛ ያጠፋችው ነገር የለም። ታዲያ ባንክ በሰሌዳ የጻፈውን እሷ በአፏ ብትለው ምኑ ላይ ነው ሌብነቱ? ደግሞስ ካርዳቸውን በተጠቀሙ ቁጥር የገዛ አገራቸው ባንክ ኮሚሽን ይቆርጥባቸው የለም እንዴ! በዚህ ሲበሳጩ ሰምተናል፤ ባንኩን ግን ሌባ ሲሉት አልሰማንም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልንረታ ምንም አልቀረን። ግን ሴትዮዋ ያየችው ኪሳቸውን ነው ወይስ ቆዳቸውን? ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ከሌጎስ የመጣ ባለ ዶላር አፉን እስኪከፍት ድረስ ባበሻ ዋጋ ይገዛል። ቦሌ ላይ ቪላውን በዶላር የሚያከራይ የኛው ሰውም ቲማቲሙን በ60 ብር ይዞ ይሄዳል። በጥቂት ብር አበል የሚኖር ነጭ በጎ ፈቃደኛ ግን 120 ይከፍላል። ይህ ከሀብታም ወስዶ ለድኃ መስጠት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ መጀመሪያ ሀብታሙን በትክክል ይለይ።

ሆኖም ዋጋ መለያየቱ ብቻውን ነውር ነው አንልም። ላሊበላ የሚሄድ የውጭ ጎብኚ ለመግቢያ የሚከፍለው ካገሬው ይበልጣል፤ ግን ያውቀዋል፣ ደረሰኝም ይቆረጥለታል፣ ካልፈለገ ይመለሳል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም ታሪፉ የታወቀ ስለሆነ ረዳቱ ከመምህሩም ከእኛም እኩል ይቀበላል። ኮንትራት ታክሲ ላይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ ምክንያቱም ዋጋው ያለው በሾፌሩ ሆድ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ክፋቱ ከመደበቁ ላይ ከሆነ፣ የደበቀው ማን ነው? ሻጯ ምንም አልደበቀችም። በገበያው መካከል፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ እየሰሙ፣ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ያልሰሙት መምህሩ ብቻ ናቸው። ለእሳቸው ጆሮ የሆንነው ደግሞ እኛ ነን። «ለእኛ 60 ነው፣ ለእርስዎ 120 ብላለች» ብንል ኖሮ ምናልባት ስቀው ይከፍሉ ነበር፤ ምናልባትም ይከራከሩ ነበር። ያን ምርጫ የወሰድንባቸው እኛ ነን። ለእሷ አዝነን ነው እንዳንል፣ እውነቱን ለመናገር ያዘንን ጊዜ እንኳ አልነበረም፤ ስትጠቅሰን የሷ ወገን መሆናችን ደስ አለን፣ በቃ።

በሳምንቱ መምህሩ ሃያ የማትሞላ አማርኛቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደዚያችው ሴት ሄዱ። ሲመለሱ ፌስታላቸውን ከፍተው አሳዩን፤ ቲማቲሙን በ60 ብር ሰጥታ ሁለት ሎሚ መርቃላቸዋለች። ፊታቸው በርቷል።

«ዋጋው ረከሰ መሰለኝ» አሉን።

«አዎ፣ ረክሷል» አልናቸው።