በበጋ የሚለመልም ዛፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክርስቲያኖች ሆይ፤ አባታችን አብርሃም እንግዶችን ከጥላው ሥር የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ (ዘፍ. 18) በባሕር ማዶ ሰዎች ዘንድ ኦክ ከሚባለው ወገን ነው ይላሉ። ይህ ወገን በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም። ከነገዱ አንዱ በሰሜን አሜሪካ ጎርፍ በሚተኛበት ደን ይኖራል፤ ሌሎች ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ እርሱ ዘግይቶ ያወጣልና ጎርፉን ይታገሠዋል።

ለራያ ቆላ ግን እግዚአብሔር ሌላ መምህር ሰጥቶታል፤ እርሱም ግርቢያ፥ በትግርኛም ሞሞና የሚባለው ዛፍ ነው። በክረምት ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በሆርማትና በጎሊና በኩል ወደ ቆቦ ሜዳ ሲደርስ፥ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ምድር ሁሉ ሲለመልም ግርቢያ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ሁሉ በሚደርቅበት በበጋ ግን እርሱ ይለመልማል። ስለዚህ በክረምት ከሥሩ የተዘራው እህል ፀሐይ አይከለከልም፤ የረገፈውም ቅጠል ለመሬቱ ፍግ ይሆነዋል። በበጋም ከብት በጥላው ያርፋል፤ ፍሬውንም ይመገባል። ይህን የሚችለው ሥሩ ከምድር በታች ወዳለው ውኃ ጠልቆ ስለሚወርድ ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል ቢሉ፥ የምጽዋትን ጊዜ ያስተምረናል። በጥጋብ ዘመን የሚደግስ ብዙ ነው፤ የተጋበዘውም ከቤቱ እንጀራ አያጣም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ያው ሰው ጎተራውን ይዘጋል፤ ዋጋ እስኪወደድ እህሉን ይደብቃል፤ ለተራበ ወንድሙም በዐራጣ ያበድራል። እንዲህ ያለው ሰው በዝናብ ለምልሞ በፀሐይ የሚደርቅ ሣር ነው። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብን አይታለች፤ ያን ዘመን ያሳለፈ ሁሉ በተዘጋ በርና በተከፈተ በር መካከል ያለው ልዩነት ሞትና ሕይወት መሆኑን ያውቃል።

አንድም ግርቢያ ቅጠሉን ማርገፉ ለታናሹ ስፍራ መልቀቅን ያስተምራል። ጎርፉ ሲመጣ የላይኛው ገበሬ ውኃውን ሁሉ ለራሱ ቢያስቀር፥ የታችኛው እርሻ ይደርቃል። በቂውን አጠጥቶ ቦዩን ለጎረቤቱ የሚከፍት ሰው ግን ያለ ቃል ሰብኳል።

«እኔም ድሃ ነኝ፤ ከምን እሰጣለሁ?» የሚል ቢኖር፥ የሰራፕታዋን መበለት ያስብ። እርስዋ ነቢዩ ኤልያስን የመገበችው በድርቅ ዘመን፥ ከቀራት እፍኝ ዱቄት ነበር፤ ማድጋዋም አልጎደለም።

ሥር የተባለ ሃይማኖት ነው። ሥሩ ከላይ የቀረ ሰው የዘመኑን ዝናብ ይጠብቃል፤ በእግዚአብሔር ተስፋ የሠረጸ ግን ሌላው በሚደርቅበት ወራት ለሌላው ጥላ ይሆናል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የሰማነውን በክፉው ቀን እንድንፈጽመው የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።