ላልገባው ልጅ ማን ይቆማል?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥሩ ማስተማርና ጥሩ አመራር ሁለት ነገር ናቸው ወይስ አንድ? የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ለየብቻ ነው የሚያያቸው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ለሥራ ክፍፍል ይመች ይሆናል። እኔ ግን ክፍፍሉ ዋናውን ነገር የሚደብቅ ይመስለኛል። ምክንያቴን ለማስረዳት ከአንድ ልጅ ጣት ልነሣ።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ማለዳ ስለሆነ ውርጩ አልለቀቀም፤ ልጆቹ እንደተከናነቡ ተቀምጠዋል። መምህርቷ አንድ ዐረፍተ ነገር ታነባለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላታል። ከኋላ ሆኖ ለሚያዳምጥ ደስ ይላል። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ግን ጣቱ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ሳለ አፉ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሷል። ገጹን በቃሉ ያዘው እንጂ አያነበውም። መምህርቷ ጣቱን አየች። ክፍሉን ዝም አሰኝታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ገጹን በእጇ ሸፍና አንዲት ፊደል ብቻ አስቀረችለት። ልጁ ፊደሏን ትኩር ብሎ አያት፤ አላወቃትም። ከዚያ ወዲያ የክፍለ ጊዜው ትምህርት ያቺ ፊደልና ዘሮቿ ሆኑ። በዕለቱ ዕቅድ ላይ የተጻፈው ምንባብ ሳይነበብ ደወል ተደወለ።

ጥሩ አስተማረች? ዕቅዱን ይዞ ለሚመዝናት፣ አላስተማረችም፤ ምዕራፉን አልሸፈነችም። በእኔ እምነት ግን የማስተማር ጥራት የሚባለው ከዚህ ሌላ አይደለም፦ ያልገባውን ልጅ ማየት፣ አይቶም መቆም። የመርጃ መሣሪያው፣ የመማሪያ ክፍሉ፣ የመምህሩ ዲፕሎማ ሁሉ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ችግሩ መቆም ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ሌሎቹ ልጆች ይጠብቃሉ፤ መጽሐፉ በዓመቱ መጨረሻ አያልቅም፤ ሱፐርቫይዘሩ «ለምን ወደ ኋላ ቀራችሁ?» ይላል። ይህን ዕዳ መምህርቷ ብቻዋን የምትሸከም ከሆነ፣ ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ሰው ስለሆነች፣ ቀስ በቀስ ጣቱን አለማየት ትለምዳለች። አመራር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ «ቁሚ፣ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እመልሳለሁ» ካላት ክፍል ውስጥ ሳይገባም አስተማረ። «አንቺ ብቻ ነሽ ያልጨረስሽው» ካላት ደግሞ፣ ቢሮው የቱንም ያህል የተደራጀ ቢሆን፣ ያን ልጅ ከትምህርት አስወጣው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው እላለሁ፤ አመራር ለመምህሩ ትኩረት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በየደብሩ ይሰጥ የነበረው ትምህርት በዚህ የቆመ ነበር። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው ያስነብባሉ፤ ፊደሉን ያልለየ ወደ አቡጊዳ፣ ንባቡን ያላቀና ወደ ዳዊት አይሻገርም። ቀድሞ የሄደው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። አስተማሪውም አስተዳዳሪውም እሳቸው ስለሆኑ ለመቆም የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። አለንጋው እንደነበረ አውቃለሁ፤ ትርጉሙ ሳይገባው ዓመታት የደገመ ልጅም ብዙ ነው። ያን ዘመን መልሱልን አልልም። ነገር ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ክፍልን፣ ደወልንና ዳይሬክተርን ይዞ ሲመጣ የመቆም ሥልጣኑን ለማን እንደሰጠ በግልጽ አልተናገረም። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ዘመን የታችኛው ክፍል ልጆች በነፃ ዝውውር ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ ያልገባው ልጅ ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ። ድንጋጤው ተገቢ ነው፤ ግን ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት ገና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ፣ ማንም ባልቆመላቸው ቀን እንደሆነ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን መቃወሚያ አቅልዬ አላየውም። መምህሩን ነፃ ከለቀቅነው የሚለግም አይጠፋም፤ ሳይዘጋጅ የሚገባ፣ ገበያ ቀን የሚቀር አለ። እውነት ነው፤ መቅረቱም መመዝገብ አለበት። ግን የፊርማ መዝገብ ሰውዬው መምጣቱን እንጂ ልጁን ማየቱን አይነግረንም። ይህን ማወቅ የሚችለው ክፍል ገብቶ ከልጆቹ ጎን የሚቀመጥ፣ ቢቻል ራሱም ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይዞ የሚያስተምር ርዕሰ መምህር ነው። ጠመኔ ከጨበጠ ዓመታት ያለፉት ኃላፊ መምህሩ የሚቆምበትን ምክንያትና የሚለግምበትን ሰበብ መለየት ያቅተዋል። መሪ ከሥራው መራቅ የለበትም የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ የነበረው የኮሚኒቲ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ለገጠር የሚልካቸውን መምህራን ከማስተማር ጋር እርሻና የጤና አጠባበቅ ያስተምር ነበር፤ መምህር ከሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሆኖ ይመራል የሚል እምነት ነበረው። የዛሬው ርዕሰ መምህር ግን ቀኑ በስብሰባና በሪፖርት ያልቃል፤ ይህ የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሪፖርቱን የሚጠይቀው አካልም ይጠየቅበት።

አሁን ጉዳዩ ከምንጊዜውም ይከብዳል። በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በመጠለያ ያሉ ልጆችም አሉ። እነዚህ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ አንዱ ዓመት፣ ሌላው ከዚያ በላይ ከትምህርት ርቆ ነው የሚመጣው፤ በዕድሜው አራተኛ ክፍል ይመደባል፣ ፊደሉ ግን ጠፍቶበታል። መምህሩ የአራተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ዘግቶ የአንደኛውን መክፈት ሊኖርበት ነው። ይህን በራሱ ኃላፊነት እንዲያደርገው መጠበቅ ግፍ ነው። ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ ሲያጸድቅ ይህን ቀድሞ ይጻፍለት፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «የስንተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው የያዛችሁት?» ሲል መልሱን የሚሰጠው ርዕሰ መምህሩ ይሁን።