ምሳሩ ከመብዛቱ በፊት

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ስንል ሐዘናችን ለግንዱ ነው። ባለምሳሮቹንማ እንታዘባቸዋለን፤ ቆሞ ሳለ የት ነበሩ?

ለጋናው የመጀመሪያ መሪ ለክዋሜ ንክሩማህ ከዚህ የቀረበ ተረት የለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአኮሶምቦን ግድብ መርቀው ወር እንዳለፋቸው ጦሩ ገለበጣቸው። አክራ ላይ ሐውልታቸው ተገነደሰ፣ ራሱ ተቆረጠ። ትናንት ያጨበጨበ ሁሉ ያን ቀን ምሳር ይዞ ወጣ። በስደት ቆይተው በ1972 ቡካሬስት ውስጥ አረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልታቸው ቆሟል፤ ይገባቸዋልም።

ከተረቱ ጋር ያጣላኝ የበዓሉ ነገር ነው። ጋና ከ2019 ጀምሮ ኦገስት 4ን «የመሥራቾች ቀን» ብላ ስታከብር ቆይታ፣ በ2025 ወደ ሴፕቴምበር 21፣ ወደ ንክሩማህ የልደት ቀን ተመለሰች። መሥራቹም እንደገና አንድ ሰው ሆኑ።

ጄ. ቢ. ዳንኳስ? ንክሩማህን ከለንደን የጠራው ፓርቲ ዋና ሰው ነበሩ። በ1948 እንግሊዞች ስድስት የፓርቲውን መሪዎች ሲያስሩ ሁለቱም አብረው ታሰሩ። «ጋና» የሚለው ስም እንዲወጣም የወተወቱት ዳንኳ ናቸው። ነጻነቱ በመጣ በዓመቱ፣ በ1958፣ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ የንክሩማህ መንግሥት አወጣ። ጠበቃው ዳንኳ ለታሳሪዎች ቆመው በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ሕግ ራሳቸው ታሰሩ፤ ተፈትተው በ1964 ዳግመኛ ተያዙ። በፌብሩዋሪ 1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ግንዱ ያኔ አልወደቀም ነበር።

ተረቱ እዚህ ላይ ያጥርብኛል። ግንዱ ቆሞ ሳለ በደል ስለደረሰበት ሰው አንዳች አይልም። ወረቱን ያየ አድርባይም፣ አባቱ ንሳዋም የቀረበትም እኩል «ባለምሳር» ይባላሉ። «ቆሞ ሳለ የት ነበራችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የአንዳንዱ መልስ «እስር ቤት» ነው። በ1964 አገሪቱ የአንድ ፓርቲ ትሁን ሲባል የድጋፉ ድምፅ ከ99 በመቶ በላይ ነው ተብሎ ታወጀ። ቀና ቃል የሚናገር አፍ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ምሳር ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥፋቱ የባለምሳሩ ብቻ አይደለም።

ንክሩማህን ከታላቅነታቸው ማውረድ አልሻም። ይህን ተረት ለእሳቸው የምትጠቅሱ ግን ዳንኳን አብራችሁ አንሡ። ጋናም ኦገስት 4ን ባትመልስ እንኳ፣ በሴፕቴምበር 21 የንሳዋም እስረኞችን ስም በአደባባይ ታስጠራ።