ኅብር፤ ሠዓሊ ቀለምን ስለ መውደዱ

ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ቀለምን ያያል፤ ቀለምን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ሌላው ሰው ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ ወደ ሰማይ የሚመለከተው ዝናብ ይመጣ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ሠዓሊው ግን በዚያው ሰማይ ፊት ቆሞ፥ በነጩ ውስጥ ምን ያህል ብጫ፥ በጥቁሩ ውስጥ ምን ያህል ሰማያዊ እንደ ተሰወረ ይፈልጋል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ይባላል። አንድ ቀይ ቀለም ልቡ እስኪያርፍበት ድረስ ግማሽ ቀን ሲበጠብጥ የሚውለውን ሰው ዘመዶቹ «ይህ ሰው ዕድሜውን በከንቱ ጨረሰ» ቢሉት የሚያስደንቅ አይደለም። እኛ ግን ሳንመረምር መፍረድ አይገባንምና፥ ቀለምን መውደድ ከከንቱ ነገር ወገን ነውን ወይስ ከእውነት ወገን? ብለን እንጠይቅ።

ለዚህ ጥያቄ ምስክር የሚሆን አገር ብንፈልግ ከጋሞ ምድር የሚሻል በቀላሉ አናገኝም። ከአርባ ምንጭ ከፍታ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆችን ያያል፤ በስተ ሰሜን ያለው ዓባያ፥ በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ይባላል። የሚለያቸውም ጠባብ የመሬት ጀርባ ነው፤ የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከማዶ ያለው ሜዳ ደግሞ ስለ ሣሩ ንጣት ነጭ ሣር ተብሏል። ሁለቱ ሐይቆች እንዲህ ጎረቤታሞች ሲሆኑ መልካቸው አንድ አይደለም፤ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ዓባያ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው። መንገደኛው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። ቀለምን የሚወድ ግን «ስለ ምን ቀላ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ይህ ነው፤ ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር በዓባያ ውሃ ውስጥ ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። እንግዲህ ያ ቅላት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ወሬ ነጋሪም ነው፤ ከላይ ያለው ገበሬ መሬቱ እየተሸረሸረ መሆኑን ከታች ላለው ይናገራል። ቀለም የነገር ልብስ ሲሆን የነገር አንደበትም ነው። ያልወደደው አይመረምረውም፤ ያልመረመረውም ቋንቋውን አይሰማም።

አሁን ደግሞ የሠዓሊን የዕለት ኑሮ እንመልከት። የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለሙን ከአፈር፥ ከዕፅዋትና ከከሰል ራሱ ያዘጋጅ ነበር፤ ይፈጫል፥ ያጣራል፥ በማጣበቂያ ያዋሕዳል። ብዙ ጊዜም የሚሥለው በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የጥጥ ሸማ ላይ ነበረ። የዛሬው ሠዓሊ የተዘጋጀ ቀለም ከሱቅ ይገዛል፤ ነገር ግን ዋናው ድካም አልቀረለትም። ቀይ ከጥቁር አጠገብ ሲውል እንደ ፍም ይግላል፤ ያው ቀይ ከብጫ አጠገብ ሲውል ይለዝባል። ማንኛውም ቀለም ለብቻው ክፉ ወይም ደግ አይባልም፤ በጎረቤቱ ይታወቃል። ሠዓሊው በየቀኑ ይህንኑ ሲማር ይኖራል፤ ለአንዱ ስፍራውን ሲሰጥ የሌላውን እንዳይነጥቅ ይጠነቀቃል። ይህን የመሰለ ሥራ ለዳኛም ትምህርት ይሆናል።

ከአርባ ምንጭ በላይ ወደ ዶርዜ ደጋ የወጣ ሰው ይህንኑ ትምህርት በሸማኔው ዘንድ ያገኘዋል። በዚያ አገር ልማድ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። ዱንጉዛ የሚባለው ልብሳቸው በቀይ፥ በብጫና በጥቁር ያጌጠ ነው። ሸማኔው ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፥ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ፥ ማጉን ከድሩ ጋር እየቈጠረ ያስማማል። ሠዓሊ ቢሳሳት ደርቦ ይቀባል፤ ሸማኔ ግን ቢሳሳት ያገባውን ማግ መልሶ መፍታት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ቀለሙን በዓይኑ ከማየቱ አስቀድሞ በልቡ ሊያየው ይገባዋል።

በዚህ ላይ ግን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቅኔ ተማሪ «ቀለም እኮ ሰም ነው፤ ወርቁ ምስጢሩ ነው። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሳል፥ ወርቁን ያስቀራል። ሠዓሊም ሰሙን ቢወድ ከወርቁ ተለየ» ሊል ይችላል። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ቅኔ ሁሉ ሰምና ወርቅ ብቻ ቢሆን ነበር። ነገር ግን ኅብር የሚባል የቅኔ መንገድ አለ። በሰምና ወርቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በኅብር ግን አንዱ ቃል ራሱ ሰምም ወርቅም ይሆናል፤ ቃሉን የጣለ ምስጢሩን አብሮ ይጥላል። ኅብር ማለትም በግእዝ አንድነት ማለት ነው፤ መልክና ቀለም ማለትም ነው። እነሆ፥ የሥዕል ነገር በዚህ ተፈታ። ከሥዕል ላይ ቀለሙን አፍስሶ ምስጢሩን ማስቀረት አይቻልም፤ ቀለሙ ራሱ ምስጢሩን ተሸክሟልና።

ለዚህም ገብረ ክርስቶስ ደስታን እንጥቀስ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነቃጥበብ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። የሰውንና የዛፍን መልክ ትቶ በቀለም ብቻ ሲሥል ብዙ ሰዎች «ይህ ምንድር ነው? የባዕድ ነገር ነው» አሉት። ነገር ግን ጎልጎታ ብሎ በሠየመው ሥዕሉ ደም የሚመስለውን ቀይ የተመለከተ ሰው፥ ይህ ቀለም ሰም ነው ወይስ ወርቅ? ተብሎ ቢጠየቅ ለመለየት ይቸግረዋል። ብራና ጸሓፊ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ሲጽፍ ያየ ሰው ይህን ባዕድ ሊለው አይገባም ነበር። ገብረ ክርስቶስም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ከአገሩ ርቆ በአሜሪካ በኦክላሆማ ዐረፈ።

እንዲህ ስንል ግን ቀለምን መውደድ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ቀለምን የሚወድ አለ፤ በቀለም መታየትን የሚወድም አለ። የፊተኛው ቀለሙ እውነት እስኪናገር ድረስ ይደክማል፤ ሁለተኛው ግን ድካሙን ለመሸፈን ያበዛዋል፤ ያልጠነከረውን ሸማ በደማቅ ጥለት ሸፍኖ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው። መለያቸውም ቀላል ነው፤ እውነተኛው ሠዓሊ የሚበዛውን ቀለም ለመቀነስ አይሳሳም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የሠዓሊው አይደለም፤ የእኛ የተመልካቾች ነው። ቋንቋችንን እንስማ። ለመጻፊያውም ለትምህርቱም ቀለም እንላለን። በሸማው ዳር የሚገባውን ኅብር ጥበብ ብለን እንጠራዋለን፤ ልባምነትንም ጥበብ እንላለን። ነገር ግን ጠቢብ ከሚለው ከዚያው ቃል ጠይብ የሚለውን አውጥተን ለስድብ አደረግነው። በበዓል ቀን ጥበቡን ለብሰን ስንመሰገን፥ የሠራውን እጅ ግን ሸማኔ ብለን አዋረድን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጁ ምላስን ቢገታም ልብን ፈጥኖ አልለወጠም። በጋሞም ምድር ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀል የሚከለክል ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ ቀለሙን ከሥዕሉ እንደ መፋቅ ነው፤ በኅብር ግን የሚጣል ነገር እንደሌለ አይተናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቀለምን መውደድ ከእውነት ወገን ነው፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ፍቅር ነው። የሸማህ ዳር ሲያምርህ የማን እጅ እንደ ቈጠረው ጠይቅ፤ ስሙን ብታውቅ ጥራው፤ ዋጋውን ሳታጓድል ክፈለው፤ ልጁም ልጅህን ሊያገባ ቢመጣ በሩን አትዝጋበት። ያን ጊዜ ጥበብን ወደድሁ ብትል ትታመናለህ።