ግብሩ የማን ነው? ቃሉስ?

በእንጅባራና በዳንግላ ለትምህርትና ለሥራ የመጣን ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ክፍል ነው። አንዳንዱ ክፍል ያለ ፈቃድ ከማድ ቤት ወይም ከዕቃ ቤት ተከፍሎ የተሠራ ነው። ታዲያ ግብር ሰብሳቢ በመጣ ጊዜ አከራያችን «ዘመዶች ነን በሉልኝ» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢን ግብር የጣለው በአከራዩ ላይ ነው። ክፍሉ ያለ ፈቃድ መሠራቱም ዕዳውን ወደ ተከራይ አያዞረውም። እንግዲህ ግብሩ የእርሳቸው ነው፤ የምንሰጠው ቃል ግን የራሳችን ነው።

«ከዚያች ኪራይ በቀር መተዳደሪያ የላቸውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልናዝንላቸው ይገባል። ነገር ግን ሐሰቱ እኛንም ይጎዳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። «ዘመድ ነኝ» ያለ ሰው ነገ «ውጣ» ቢባል የትኛውን ውል ያሳያል?

ስለዚህ ለመክሰስ አንቸኩል። አስቀድመን አከራያችንን በአክብሮት እናነጋግር፤ የጽሑፍ ውልም እንጠይቅ። ከተጠየቅን ግን እውነቱን እንናገር። ክፍሉን ልናጣ እንችላለን፤ ይህንንም አውቀን እንወስን።