ንስሐ አባት የሌለው ምእመን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት ምኩራብ፣ አራተኛው መፃጉዕ ይባላል። በምኩራብ ጌታችን በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ማስወጣቱን፣ በመፃጉዕ ደግሞ 38 ዓመት በአልጋ ተይዞ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያጣውን በሽተኛ መፈወሱን እናስባለን። ሁለቱ ሰንበታት ተከታትለው መምጣታቸው ለዛሬው ጥያቄያችን ይረዳናል። አንድ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚባለው በምንድን ነው? በጥምቀቱ ነው? በንስሐ አባቱ ነው? ወይስ በሰበካ ጉባኤ መዝገብ ስሙ ሰፍሮ የአባልነት ክፍያውን በመክፈሉ?

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ይመጣል። ሬሳው ቤት ተኝቶ፣ ሐዘንተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ፣ “ደረሰኛችሁ የታለ? የሦስት ዓመት ውዝፍ አለባችሁ እኮ” የሚባልበት ጊዜ አለ። በእኛ በዋግ አገር ደግሞ የቀብር ነገር ቀላል አይደለም። ከሰቆጣ ብዙ በማይርቀው፣ ከድንጋይ በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ የጥንት የዋግ ሹሞች ዐፅም እንዳረፈ ይነገራል። ሹሙም ባላገሩም የመጨረሻ ልመናው አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንድትቀበለው።

በካህናቱ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ልክ አይሆንም። ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ የሰበካ ጉባኤ ያሰባሰበው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ብዙም ሳይቆይ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች። ከዚያ ወዲህ የገጠር ቄስ በእጁ አርሶ፣ ምእመኑ ባዋጣው ተደጉሞ ነው የሚቀድሰው። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ያልከፈለ፣ ንስሐ አባቱን ቤቱ ያላስገባ፣ ለተዝካር ብቻ “አባታችን ኑልን” የሚል ሰውም አለ። እሱም ይወቀስ። ክፍያው አገልጋዩን ማኖሪያ ነው። የሰማይ ቤት መግቢያ ትኬት የሆነ እንደሆነ ግን ምኩራብ ላይ ደረስን ማለት ነው።

አሁን ወደ መፃጉዕ እንምጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለው ነበር። ሰው አጥቢያውን ሲለቅ ከቀድሞው ደብር መሸኛ ይዞ ይሄዳል። ሌሊት በእግሯ ልጅ አዝላ የወጣች እናት ግን መሸኛ ከየት ታምጣ? ንስሐ አባቷ ራሳቸው የት እንደወደቁ አታውቅም። ልጇ ቢታመም፣ እሷም ብትሞት፣ የየትኛው አጥቢያ ናት ልትባል ነው? ሰው ያጣው መፃጉዕ ማለት ይቺ ናት።

መቼም የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ለካህናት መሰጠቱን ማንም ኦርቶዶክሳዊ አይክድም። በገጠራችን ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ፣ ደም የተቃባ ሰው እርቅ እምቢ ያለ እንደሆነ ግዝት ይፈራል። ለምን ይፈራል? የገዘቱት ቄስ ክርስትና ያነሱት፣ ያቆረቡት፣ አባቱን የቀበሩለት ሰው ስለሆኑ ነው። ያላወቁትን ሰው ቢገዝቱት ከነፋስ ጋር መነጋገር ነው።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን በቅደም ተከተሉ እናንብበው። ጌታችን የበደለ ወንድም መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲመከር፣ ካልሰማ እንዲለይ ያዛል። ከዚህ በፊት ግን ምን ተጻፈ? የጠፋችውን አንዲት በግ በየተራራው ስለሚፈልግ እረኛ ነው የተጻፈው። ፍለጋው ይቀድማል፤ መለየቱ ይከተላል። እኛ ጋ አንዳንዴ ተገልብጧል፤ ሳይፈልጉ መለየት። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ የበደለውን ሰው ለዩት ብሎ ሲያበቃ፣ በሁለተኛው መልእክቱ ኀዘን እንዳይውጠው ይቅር በሉት፣ አጽናኑት ይላቸዋል።

ከፍ ባለው ደረጃም ይኸው ፈተና ደርሶብናል። ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ተከፍሎ፣ አባቶች ተወጋግዘው ሲኖሩ፣ በውጭ አገር ያለው ምእመን በሁለቱና “ገለልተኛ” በተባሉት አጥቢያዎች ተበታትኖ ነበር። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ውግዘቱ ተነሥቶ እርቅ ወረደ። ያ ሁሉ ዘመን በየጎራው የተጠመቀው ሕፃን ግን በየትኛው ውግዘት ውስጥ እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር።

ቀኖናም ቢሆን ሰውየውን ሳያውቁ አይሰጥም። የተፈናቀለችዋ እናት “አባቴ ይፍቱኝ፣ ጾሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዝለቅ አቃተኝ” ብትል፣ ስንዴው እስኪመጣ በቀን አንዴ የምትቀምሰውን ሴት ጾም ጨምሪ ማለት ምን ይባላል? አስተዋይ አባት “እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፤ ለአራስ ጎረቤትሽ ውኃ ቅጂላት፣ ከተጣላሻት ታረቂ” ይላታል። ይህም ቀኖና ነው፤ እንዲያውም ይከብዳል።

ታዲያ መሸኛ የሌለውን እንዴት እንቀበለው ለምትሉ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ቄሱ ደብተራቸውን ይዘው መጠለያው ድረስ ይሂዱ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች ይመስክሩ። አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ይጠይቁት። ዕለተ ሞቱ ሲደርስ በፍትሐቱ ላይ የሚጠራው ይኸው ስም ነው፤ የደረሰኙን ቁጥር በጸሎቱ መሐል የሚያነሳ ካህን እስካሁን አልሰማንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።